ከመኪናው በፊት አስፋልቱን

የግጭት ቦታ ፎቶ ማንሳት ስጀምር ዓይኔ የሚያርፈው በተጨማደደው ብረት ላይ ነበር። በአንድ ክርክር የተሰበረ መብራትና የታጠፈ በር የሚያሳዩ ከ60 በላይ ፎቶዎች አቀረብኩ። ዳኛው ግን የጠየቁኝ የፍሬኑ ምልክት ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ነበር። ምልክቱ በአንዲት ፎቶ ጥግ ላይ፣ ያውም ግማሹ ተቆርጦ ይታያል። ወደ ቦታው ስመለስ ዝናብ አጥቦታል።

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ከገባ በኋላም ፎቶ ይነሳል፤ የጎማ መስመር፣ የፈሰሰ ዘይትና የመስታወት ስብርባሪ ግን አይጠብቁም። ስለዚህ የተጎዱት ሰዎች እንደተነሱ የምጀምረው ከመንገዱ ነው። ኤቢኤስ ፍሬን (ሲረገጥ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ) ያለው መኪና የሚተወው ምልክት እጅግ ስስ ነው፤ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ላይታይ ይችላል። ተንበርክኬ በመስመሩ አቅጣጫ አሻግሬ ስመለከት ነው ግራጫ ጥላ ሆኖ ብቅ የሚለው። ማታ ከሆነ ፍላሹን አጥፍቼ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ መሬቱን አስታክኬ አበራለሁ፤ ብረት የቆፈረው ቦታ ያኔ ጥልቀቱ ይለያል።

እያንዳንዱን ምልክት መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከምሰሶ ወይም ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አያይዤ፣ ከዚያ ቀርቤ አነሳለሁ። ማስመሪያ አኑሬ አንድ፣ ያለ ማስመሪያም አንድ፤ ከሥሩ የተደበቀ ነገር አለ የሚል እንዳይነሳ። ሰፊ ሌንስ ርቀትን አስረዝሞ ስለሚያሳይ፣ የሹፌሩ እይታ አከራካሪ ሲሆን በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስል መቀበያው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል በሆነ) ላይ ለዓይን እይታ የሚቀርብ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥሜ፣ በተቀመጠ ሹፌር ዓይን ልክ፣ ከመሬት 1.1 ሜትር ገደማ ከፍ አድርጌ አነሳለሁ።

የካሜራውን ሰዓት አስቀድሜ አስተካክላለሁ። የደበዘዘ ፎቶ እንኳ አልሰርዝም፤ ተራ ቁጥር ከዘለለ የጎደለው ምን እንደሆነ መጠየቄ አይቀርም። ፎቶውን በመልእክት መተግበሪያ መላክም ትቻለሁ፤ ብዙዎቹ ምስሉን ይጨምቁታል፣ የተነሳበትን ሰዓትም ያጠፉታል።

አንድ ሌሊት ጎታቹ መኪና ሥራውን እስኪጨርስ ቆየሁ። የተጋጨው መኪና ከፍ ሲል ከሥሩ አዲስ የተቆፈረ፣ ጠርዙ ገና ነጭ አቧራ የያዘ ጭረት ታየ። መነሻው የመሃሉን መስመር በአንድ ክንድ ያህል አልፎ ነበር። የጎታቹ መኪና ሾፌር እንዲታገሰኝ ለምኜ እንደገና ተንበረከክሁ።