ፌስታሏ

መጀመሪያ የመጣች ቀን፣ አልጋው ላይ ከመተኛቷ በፊት ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ አነጠፈች። አየኋት። ምንም አልጠየቅኳትም። በር ላይ ወረፋው ረዝሟል። የምሠራበት ክሊኒክ የሚቆጥረው ስንት ሰው እንደታየ ነው፤ ስንት ጥያቄ እንደተጠየቀ የሚቆጥር የለም።

በአልትራሳውንድ ማዮማ፣ የማህፀን እጢ፣ አገኘሁ፤ 3 ሳንቲ ሜትር። በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ካንሰር አይደለም። ብዙ ሴቶች ሳያውቁት አብረውት ይኖራሉ፤ የወር አበባ ሲቋረጥም አብዛኛውን ጊዜ ይሟሽሻል።

«ትንሽዬ ናት እህቴ፣ ችግር የለውም» አልኳት።

«ተመስገን» አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ደሙስ ዶክተር?» አለችኝ።

«ይስተካከላል» ብዬ ቀጣዩን ጠራሁ።

ከአምስት ወር በኋላ ልጇ ደግፋ አመጣቻት። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ሳብ ሳደርገው ውስጡ ወረቀት መስሏል። ሄሞግሎቢኗ 5.8። ለሴት ከ12 ሲወርድ ነው ደም ማነስ የምንለው። ማዮማው ያው ነው፣ አላደገም። ግን ወደ ማህፀኑ ክፍተት ገብቶ ተቀምጧል። እዚያ የገባ ትንሽም ቢሆን ያደማል፤ በውጭ በኩል የበቀለው ብርቱካን አክሎም ዝም ሊል ይችላል። ይህን ያን ቀንም አውቀው ነበር።

«ምነው እስካሁን ሳትመጪ?» አልኳት። ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበረበት።

«እርስዎ ችግር የለውም ስላሉኝ ነዋ።»

ወቀሳ አልነበረበትም። አምናኝ ነው የቆየችው። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ እሱ ነው።

ደም ተሰጣት። ማዮማው ወጣ፣ ማህፀኗ ተረፈ።

አሁን መጠኑን ከመናገሬ በፊት እጠይቃለሁ። ከ7 ቀን ያልፋል? የረጋ ደም አለው? ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስኬድሻል? ልጅ አልቆይ ብሎሽ ነው? «ስንት ሞዴስ ትቀይሪያለሽ?» ስል ጨርቅ የምትጠቀመው አፍራ ዝም ትላለች። «ሌሊት አንሶላ ይነካል?» ስላት ግን ታወራለች። ከነዚህ አንዱ ካለ፣ ትንሽም ቢሆን ወደ ማህፀን ሐኪም እልካለሁ። አንዱም ከሌለ ደግሞ «አይነካ» እላለሁ። በቀደም ምንም የማያማት ወጣት፣ ለ2 ሳንቲ ሜትር ማዮማ ሌላ ቦታ «ማህፀንሽ ይውጣ» ተብላ እያለቀሰች መጥታለች። ክትትል ይበቃታል።

ኮሪደሩ ሲሞላ ግን «ችግር የለውም» ዛሬም ከጥያቄው ቀድሞ አፌ ላይ ይመጣል። ያኔ አልጋውን አየዋለሁ።