የዘር ሣጥኑና የጅማ ክረምት

ሐምሌ፣ ጅማ

ጅማ ላይ ዘር በጣም የሚፈለገው ለዘር በማይመች ወቅት ነው። ሰኔ ሲገባ፣ መሬቱ ሲርስ፣ ሰው ሁሉ ለጎመን ችግኝ መደብ ያነሣል፤ ሰፈርተኛው ዘር የሚሰጥበትና የሚወስድበት የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የዘር ሣጥንም ደጋግሞ የሚከፈተው ያኔ ነው። በተከፈተ ቁጥር ታዲያ የክረምቱ አየር አብሮ ይገባል። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በሚዘልቅበት፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚወርድበት ከተማ፣ ወረቀት ውስጥ ያለ ደረቅ ዘር የአየሩን እርጥበት ቀስ እያለ ይጠጣል። መደርደሪያው ላይ የቆዩ መጻሕፍት ጀርባቸው ነጭ ሻጋታ ሲለብስ ያየ ሰው፣ አጠገባቸው ያለው የሽንኩርት ዘር ምን ላይ እንዳለ መገመት አያቅተውም።

ስለዚህ ለእኔ ክረምት የመውሰጃ ጊዜ ብቻ ነው። የመስጫው፣ የማድረቂያውና የማሸጊያው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ አየሩ ደርቆ፣ ጎመኑ ዘር ይዞ፣ ቦሎቄው ተወቅቶ የሚገኝበት። ያኔ የደረቀው ዘር ትልቁ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ ይከርምና፣ ግንቦት ላይ ዝናብ የሌለበት ቀን ተመርጦ ለክረምቱ የሚበቃው ብቻ በትንንሽ ፖስታ ተደርጎ ወደ ትንሿ የሥራ ሣጥን ይወጣል። ትልቁ ጠርሙስ እስከ መስከረም አይነካም። ሣጥኖች የሚበላሹት ብዙ ጊዜ በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ዘሩ ሁሉ አንድ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ስለሚከፍተው ነው።

በዘር ጥበቃ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ግምት አለ፤ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቀንስም እንደዚያው። ፍሪጅ መብራት ይፈልጋል፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው የተከፈተ ጠርሙስም ጤዛ ይይዝና ዘሩን ያረጥበዋል። ማድረቅ ግን የሚጠይቀው ሰፌድ፣ ጥላና ጊዜ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘረ መል ባንክ ዘርን ለትውልድ ስለሚያስቀምጥ ቀዝቃዛ ክፍል የግድ ያስፈልገዋል። የሰፈር ሣጥን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ዘር ከሁለት ክረምት በላይ ካደረበት ሣጥኑ ሥራውን እየሠራ አይደለም።

ዘር መድረቁ በዓይን አይለይም። ለበቆሎና ለቦሎቄ የጨው ፈተና ይበቃል። ጨው በምጣድ ታምሶ ይቀዘቅዛል። ውስጡ የደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ በዘር ይሞላና ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይጨመርበታል፤ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ አንድ ደቂቃ ይናጣል፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው ብርጭቆው ላይ ከተለጠፈ የዘሩ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ሰፌዱ ይመለስ። ጨው ሳይታመስ ከገባ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ደረቁን ዘር ያሳማል። ለፈተና የዋለው ዘር ጨው ስለነካው ሣጥን ውስጥ ተመልሶ አይገባም።

ለጎመን፣ ለሰላጣና ለቲማቲም ጥቃቅን ዘር የሩዝ ዘዴ ይሻላል። ሩዙ በለስላሳ እሳት ቀለሙ እስኪለወጥ ይታመስና ትኩስ እንዳለ ጠርሙስ ውስጥ ተዘግቶ ይቀዘቅዛል። ክፍት ሆኖ ከቀዘቀዘ አየሩን ጠጥቶ ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። ከዚያ ዘሩ በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ በክብደት እጥፍ የሚሆነው ሩዝ መካከል ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማስመታት አይመከርም፤ ሙቀቱ በቀላሉ ከ40 ዲግሪ ያልፋልና ዘሩን ይገድላል። የሞተ ዘር መልኩ አይለወጥም፤ ጉዱ የሚታየው ሐምሌ ላይ መደቡ ባዶ ሲቀር ነው።

ቦሎቄ ሌላ ጣጣ አለው፤ ነቀዝ። ነቀዙ ከማሳ ጀምሮ አብሮ ሊመጣ ስለሚችል ንጹሕ ጠርሙስ ብቻውን አያድንም። የተነፋና የቀዘቀዘ የእንጨት አመድ በዘሩ መካከል ያለውን ክፍተት እስኪሞላ ይደባለቃል፤ አመዱ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ያሳጣዋል፣ ገላውንም ያደርቀዋል። ቆንጠር አድርጎ በላይ በላዩ መነስነስ ዋጋ የለውም። ፍሪዘር ያለው ሰው በደንብ የደረቀውን ቦሎቄ በታሸገ ጠርሙስ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለአራት ቀን ያስቀምጥና፣ ሲያወጣው ጠርሙሱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፍት ይጠብቅ።

ሁለተኛው የሣጥን ጠላት ስም የሌለው ፖስታ ነው። መጽሐፍ ሽፋኑ ቢቀደድ እንኳ ገልጠህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። የጎመንና የጥቅል ጎመን ዘር መዳፍ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ግን ሁለቱም ትንንሽ ክብ ጥቁር ቡናማ ፍሬ ናቸው፤ ለመለየት ሁለት ወር መጠበቅ ነው። ፖስታው ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ስሙ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ጎመን ራፉ፣ ሽንኩርት ቁሉቢ ተብሎ፤ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ፤ የተለቀመበት ወርና ዓመት፤ ከስንት ተክል እንደተለቀመ። ዓመቱ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተጨመረበት ሰባት ስምንት ዓመት የሚያሳስት ነገር ይሆናል፤ ሣጥን ውስጥ ገና ካልመጣ ዓመት የተለቀመ ዘር ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ጅማ ለመለያ ጽሑፍ ጥሩ አስተማሪ አላት። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች እየተፈለጉ ተመረጡ፤ ከመልኮው የምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 የዚያ ምርጫ ውጤት ናቸው። ፊት ያሉት ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን 1974 ያመለክታሉ። ገበሬው ዛሬም በቁጥሩ ይጠራቸዋል። ይህን ያህል ዓመት ከዘሩ ያልተለየ መለያ ማለት ይህ ነው። ቡናው ራሱ ግን ለሣጥን አይሆንም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል አቅሙን ያጣል። አቮካዶና ማንጎም ከደረቁ ይሞታሉ፤ በፖስታ የሚያመጣቸው ሰው አይጠፋም፣ በምስጋና መመለስ ነው።

ድንችንም እመልሳለሁ። የሰፈር ድንች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አጠውልግ በሽታን ይዞ ይዞራል፤ በሽታው አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ለዓመታት አይለቅም። ቅጠሉ አረንጓዴ እንዳለ በድንገት የጠወለገ ተክል ከታየ ግንዱ ከሥሩ አጠገብ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ይንጠለጠል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቁልቁል ከወረደ ባክቴሪያው ነው። እዚያ መደብ ላይ ድንች ብቻ ሳይሆን ቲማቲምና ቃሪያም አይተከልም፤ መቆፈሪያውም ሳይታጠብ ወደ ሌላ መደብ አይሄድ።

ወደ ክረምቱ መደብ ልመለስ። ለጎመን ችግኝ ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደብ፣ በመካከሉ 40 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ። ከፍታው የሚያስፈልገው ውሃው እንዲንጣፈፍ ነው፤ ክረምት ላይ ለጥ ያለ መደብ ኩሬ ነው። መስመሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይራራቅ፣ ዘሩ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀበር። ግማሽ ግራም የጎመን ዘር ከመቶ በላይ ፍሬ ስለሆነ ለአንድ ቤት ይተርፋል። ሰው ግን እፍኝ ካልሰጡት የሰጡት አይመስለውም፤ የወሰደውን ሁሉ አንድ መደብ ላይ ይበትነዋል፣ መዘዙም ከዚያ ይጀምራል። ተጨናንቆ የበቀለ ችግኝ ግንዱ አፈሩን ከሚነካበት ቦታ ላይ ቀጭን ቡናማ ቀለበት ያወጣል፤ በማግሥቱ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ተኝቶ ይገኛል። የአፈር ፈንገስ ነው፤ እርጥበትና መጨናነቅ ይወዳል። የወደቀው አይነሣም። የቀረውን ማሳሳት፣ መደቡን የሚጋርደውን የሣር ዳስ ከፍ አድርጎ አየር ማስገባት፣ ዶፍ ካልሆነ በቀር ቀን ቀን መግለጥ ነው። መጀመሪያ ከሚወጡት ሁለት የዘር ቅጠሎች ሌላ አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል።

የቡና ገለፈት እዚህ እንደ ልብ ነው፤ እንደ ልብ መሆኑ ነው የሚያሳስተውም። ትኩሱ ገለፈት በውስጡ ባለው ካፌይንና በሌሎች ነገሮች ብቅለትን ይገታል፤ እየበሰበሰ ሳለም የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ ችግኙ ቢጫ ይሆናል። ከከብት ፍግ ጋር ተከምሮ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ እየተገለበጠ፣ ሦስት አራት ወር ይቆይ። እጅ ሲገባበት ከሞቀ ገና ነው። ቀዩ አፈራችን አሲዳማ ስለሆነ ለጎመን መደብ በካሬ ሜትር አንድ ሁለት እፍኝ አመድ ይጠቅማል። ለድንች መደብ ግን አመድ አይብዛ፤ አሲዱ ሲቀንስ ልጣጩን የሚያሻክረው በሽታ ይበረታል።

ቲማቲም በዚህ ወቅት አይወሰድ ባይ ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ ምች የሚባለው የቅጠል በሽታ ወራት ናቸው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ቅጠሉ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። ዘሩ መስከረም ላይ መደብ ገብቶ ጥቅምት ላይ ቢተከል ይሻላል። ቦሎቄ ደግሞ ሐምሌ መጨረሻ ይዘራ፤ ቀድሞ ከተዘራ ቆባው ዝናብ ላይ ይደርስና ፍሬው እዚያው ይበቅላል ወይም ይበላሻል።

ዱባ ክረምት ላይ አበባውን ያራግፋል፤ ሰው ጥላ ወጊ ነክቶት ነው ይላል፣ ነገሩ ግን ንብ በዝናብ ስለማትወጣ ነው። በእጅ ማዳቀል ፍሬውንም ያድናል፣ ዘሩም ከጎረቤት ዱባ እንዳይደባለቅ ያደርጋል። አንስቷ አበባ ከሥሯ ትንሽ ዱባ አላት፤ ወንዱ ባዶ ቀጭን አገዳ ላይ ነው። ማታ ላይ፣ ሊፈነዱ የደረሱ ጫፋቸው ቢጫ ያሉት ሁለቱም በክር ይታሰራሉ። ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ወንዱ ተቆርጦ ቅጠሎቹ ይገነጠላሉ፤ መካከሉ ያለው ዱቄት የያዘ ዘንግ የአንስቷን ውስጥ በቀስታ ይነካካል። አንስቷ እንደገና ትታሰርና አንገቷ ላይ ቀይ ክር ይደረግባታል። ለዘር የሚቀረው ያ ዱባ ብቻ ነው።

በቆሎ የሚያመጣ ሰው መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፤ ዲቃላ ነው ወይስ የአገር? እንደ ቢኤች 660 ያለውን ዲቃላ ዘርቶ ከምርቱ ዘር ያስቀመጠ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቁመቱም ምርቱም የተዘበራረቀ ነገር ያገኛል። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የበቆሎ ዘር ደግሞ መድኃኒት ስላለበት ሕፃናት ከሚነካኩት ሣጥን ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። የአገሩ በቆሎ ቢያንስ ከ50 አገዳ፣ ከመደቡ መካከል ይለቀም፤ ከሦስት አራት አገዳ የተለቀመ በቆሎ በዘመድ ጋብቻ እንደደከመ ቤተሰብ ይሆናል።

ለዚህ ወር የቀረው ሥራ ሽንኩርቱ ነው። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት በላይ አይታመንም፤ መደቡ የሚዘራው ጥቅምት ላይ ስለሆነ ነሐሴ ሳያልቅ መፈተን አለበት። ከየፖስታው 20 ፍሬ ቆጥሮ እርጥብ ሶፍት ላይ መደርደር፣ መጠቅለል፣ ፌስታል ውስጥ አድርጎ ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ፣ ሶፍቱ እንዳይደርቅ እያዩ በአሥረኛው ቀን መቁጠር። 14ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ፖስታው ላይ ውጤቱና ቀኑ ይጻፋል። ከ10 እስከ 13 ከሆነ «እጥፍ ዝራ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ካነሰ ፖስታው ይከፈትና ዘሩ ወደ ኮምፖስቱ፤ ፖስታው ግን ከነጽሑፉ ይቀመጣል፣ ከየት ሰፈር እንደመጣ ስለሚያሳይ ሌላ ለመጠየቅ ይረዳል።