ከአጎቴ ፎቶ ተነስቼ እስከ ባርኔጋት ክላስ

አጎቴ ሳሎን ውስጥ አንድ የደበዘዘ ፎቶ ተሰቅሏል። ነጭ የለበሱ ወጣቶች መርከብ ላይ ተደርድረዋል። መርከቧ «ኢትዮጵያ» ናት፤ የቀድሞው ባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ። አጎቴ ምጽዋ ላይ በዕጩ መኮንንነት ሠልጥነውባታል። ልጅ ሆኜ «ምን ዓይነት መርከብ ናት?» ስላቸው «የጦር መርከብ ናታ!» ይሉኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ጥያቄው አልለቅ አለኝና መልሱን ራሴ ፍለጋ ገባሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመሬ ልክ አልነበረም። የዓለምን የጦር መርከቦች በሙሉ በአንድ ሠንጠረዥ ላስገባ ተነሳሁ። ባትልሺፕ፣ ክሩዘር፣ ዲስትሮየር፣ ፍሪጌት እያልኩ ከትልቁ ዓይነት ወደ ትንሹ ዓምድ አሰመርኩ። እስከ 1906 ድረስ ጥሩ ሄደልኝ። በዚያ ዓመት እንግሊዞች ድሬድኖት የተባለችውን ባትልሺፕ ባሕር ላይ አወረዱ። ባለ 12 ኢንች መድፎቿ 10 ናቸው፤ የምትሄደውም በእንፋሎት ተርባይን ነው። እሷ ስትመጣ ከፊቷ የነበሩት ባትልሺፖች በሙሉ አሮጌ ሆኑ።

ወደ እኛ ዘመን ስቀርብ ግን ዓምዶቼ ተምታቱ። አሜሪካኖች በ1975 ፍሪጌት ሲሏቸው የነበሩ በርካታ መርከቦችን በአንድ ቀን ክሩዘር አሏቸው። ብረቱም ያው፣ መርከበኛውም ያው ነው። ጃፓን ደግሞ ሄሊኮፕተር የሚያርፍባቸውን፣ ወለላቸው እንደ አውሮፕላን ተሸካሚ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ሂዩጋ የሚባሉትን መርከቦች ዲስትሮየር ትላቸዋለች። ሦስት ሳምንት ለፍቼ የሠራሁትን ሠንጠረዥ ጣልኩት።

ሁለት ነገር እንደደባለቅሁ የገባኝ ያኔ ነው። ፍሪጌት ወይም ዲስትሮየር የሚለውን ስም የሚሰጠው የመርከቧ ባለቤት ነው፤ ሲፈልግ ይቀይረዋል። ክላስ ማለት ግን ከአንድ ንድፍ የተሠሩ እህትማማች መርከቦች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚጠሩትም በመጀመሪያዋ ስም ነው። እንግዲህ አንዲት መርከብ ይዤ እህቶቿን ብከተል ይሻላል አልኩ። የማንን መርከብ እንደያዝኩ መገመት አያቅታችሁም።

«ኢትዮጵያ» አሜሪካ ስትሠራ ስሟ ኦርካ ነበር። ሥራ የጀመረችው በ1944 ነው፤ ክላሷ ባርኔጋት ይባላል። ኦርካ ሲሉኝ በዚሁ ስም በሚጠራው ዓሣ ነባሪ የተሰየመች መስሎኝ ያንኑ ጽፌ ነበር። በኋላ እህቶቿን ሳይ ባርኔጋትም፣ ካስኮም፣ አብዛኞቹ ሌሎችም የወሽመጥና የባሕር ሰርጥ ስሞች ናቸው። ኦርካም አላስካ ውስጥ ያለ ወሽመጥ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የአንዲትን መርከብ ነገር ከመጻፌ በፊት እህቶቿን ሳላይ አላልፍም።

ከዚህ ንድፍ 35 መርከቦች ተሠርተዋል። አብዛኞቹ የታሰቡት ውኃ ላይ ለሚያርፉ የቅኝት አውሮፕላኖች ነው። ነዳጅ ይሰጣሉ፣ ይጠግናሉ፣ አብራሪዎቹን ያሳድራሉ። ትንንሽ ወደቦች ውስጥ እንዲገቡ ጥልቅ ውኃ እንዳይፈልጉ ተደርገዋል። ሞተራቸው ዲዝል ነው፤ ሩቅ ያስኬዳል። ከመርከቡ ሠራተኛ በተጨማሪ ለአብራሪዎቹም አልጋ አላቸው። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ አልጋ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ አውሮፕላኖቹ ተፈላጊነታቸው ቀነሰ፤ አልጋው ግን ቀረ። ብዙ ሰው የምታሳድር፣ ሩቅ የምትሄድ መርከብ ለሥልጠና ትመቻለች። ኖርዌይ አንዷን ወስዳ ሆኮን ሰባተኛ ብላ ማሠልጠኛ አደረገቻት። እኛም ኦርካን በ1962 በውሰት ወሰድን፤ ዕጩ መኮንኖቻችን ተሳፈሩባት።

ሌሎቹ እህቶች ሌላ ኑሮ ኖሩ። 18ቱን የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ወሰዳቸው። ከነዚህ 7ቱ ኋላ ለደቡብ ቬትናም ተሰጡ። ቺንኮቲግ የተባለችው እዚያ ስሟ ሊ ትዎንግ ኪየት ሆነ። በጥር 1974 ደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ባሉት ፓራሴል ደሴቶች አጠገብ ከቻይና መርከቦች ጋር ተዋግታ ተጎዳች። የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ስትወድቅ ወደ ፊሊፒንስ ሸሸች፤ እዚያ ደግሞ አንድሬስ ቦኒፋሲዮ የተባለች ፍሪጌት ሆነች። አንዲት መርከብ ሦስት ባንዲራ፣ ሦስት ስም! ያ የጣልኩት ሠንጠረዥ በየትኛው ዓምድ ሊይዛት ነበር?

አሁን አሠራሬ ቀላል ነው። ለእያንዳንዷ መርከብ አንድ ገጽ አለኝ። ከላይ የክላሷ ስም ይጻፋል፤ እሱ አይነካም። ከሥር ዓመቱ፣ ባለቤቱ፣ ባለቤቱ የሰጣት ስምና ሥራ ይከተላል። የ«ኢትዮጵያ» ገጽ ሲጻፍ ልቤን የነካው የመጨረሻው መስመር ነው። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ገጹን ይዤ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ያን መስመር ሳነብላቸው ዝም አሉ። ከዚያ የኖርዌዟን እህት ፎቶ አሳየኋቸው። ባሕር ኃይላችን ሲቋቋም ካሠለጠኑት መካከል የኖርዌይ መኮንኖች ስለነበሩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «ይቺን ደረጃ በሩጫ ነበር የምንወጣት» አሉና በጣታቸው አሳዩኝ።