ለጥቅልል ጺም የሚስማማ አሮጌ መላጫ

ባለ ብዙ ስለቱን የፕላስቲክ መላጫ ትቼ የድሮውን የብረት መላጫ ከያዝኩ ወዲህ አንገቴ ሰው ሆኗል። ጺሜ እንደ ብዙው ሐበሻ ጥቅልል ነው። በባለ ብዙ ስለቱ ስንላጭ የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል፤ የኋለኛው ደግሞ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። የሾለው ጫፍ ሲያድግ ይጠቀለልና መውጫውን ስቶ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋዋል። ከመንጋጋ ሥር የሚወጣው ያ የሚያሳክክ ብጉር ከዚሁ ነው የሚመጣው።

ታዲያ አሮጌ መላጫ ሁሉ አንድ አይደለም። ሌላው ሰው ያመሰገነው ለእናንተ ፊት ላይሆን ስለሚችል፣ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ጺም እወቁት። ሁለት ቀን ሳትላጩ ቆዩና በጣታችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ዳብሱት፤ ሳይቧጥጥ የሚሄድበት አቅጣጫ አበቃቀሉ ነው። የእኔ ጉንጬ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከማንቁርቴ በስተግራ ግን ወደ ጆሮዬ ይዞራል። መላጫ ያስመረጠችኝ ያቺ ትንሽ ቦታ ናት።

መላጫን ለስላሳ ወይም ኃይለኛ የሚያደርገው ስለቱ ምን ያህል ወጣ እንዳለና ከሥሩ ካለው ጠርዝ ጋር ያለው ክፍተት ምን ያህል እንደሆነ ነው። ክብደቱም ለውጥ አለው፤ ከባዱ በራሱ ስለሚወርድ እጅ መጫን አይጠበቅበትም።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር የጆርጅታውን የእሁድ ገበያ ጥሩ ነው። የአሜሪካው መላጫ አምራች የጂሌት አሮጌ መላጫ ከጠረጴዛው አይጠፋም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1903 የሸጠው መላጫ 51 ብቻ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ለአሜሪካ ወታደሮች በሚሊዮን የሚቆጠር አቀረበ፣ ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ማምረቱን አላቆመም። ደስ የሚለው፣ የዛሬው ባለ ሁለት አፍ ምላጭ በነዚያ አሮጌ ባለ ሁለት አፍ መላጫዎች ላይ ይገባል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ከሥሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለውን ነው። ለሳምንት ጺም ግሩም ነው፣ በየሁለት ቀኑ ለሚላጭ እንደኔ ላለ ሰው ግን ይበዛል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ስሊም የተባለው የጂሌት መላጫ ነው፤ ቀለበቱን በማዞር ከ1 እስከ 9 ይስተካከላል። ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል፣ አሠራሩም በእውነት ያምራል። ከመላጫው ራስ ሥር የተቀረጸው ፊደልና ቁጥር መቼ እንደተሠራ ይነግራችኋል፤ ኤች-2 ማለት እ.ኤ.አ. የ1962 ሁለተኛው ሩብ ዓመት ነው። እኔ ግን ከ3 አሳልፌው አላውቅም፤ ታዲያ የቀረው ቁጥር ምን ይሠራልኛል?

ለእኔ የሆነኝ ቴክ የተባለው የጂሌት መላጫ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ገበያ የወጣው። ክዳን፣ ሳህንና እጀታ፤ በቃ። ጠርዙ ድፍን ነው፣ ክፍተቱም ጠባብ። ማንቁርቴ አጠገብ ሳዞረው ስለቱ መኖሩ እንኳ አይሰማኝም። በአንድ ዙር ሙልጭ አያደርግም፤ ለጥቅልል ጺም ደግሞ ሙልጭ ማለቱ ራሱ ነው ጠላቱ። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ልጅ «ወንድሜ፣ ቆዳህን አትወጥረው፤ ስትለቀው ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይሰምጥብሃል» ያለኝ ከየትኛውም ምክር በልጦብኛል። በሞቀ ውኃ አርሳለሁ፣ አረፋውን በብሩሽ እቀባለሁ፣ እንደ አበቃቀሉ አንዴ፣ ሲያስፈልግ ሁለቴ እላጫለሁ። ወደ ላይ በፍጹም።

ስትገዙ የስልካችሁን መብራት አብሩ። እጀታው ቢሰነጠቅ ተዉት። የሚቻል ከሆነ ምላጭ አስገቡና ከላይ እዩት፤ ስለቱ በሁለቱም በኩል እኩል ካልወጣ አንዱ አካል ጎብጧል ማለት ነው። የኒኬል ቅቡ በልቶ ነሐሱ ቢታይ ግን አይጎዳም፣ እንዲያውም ዋጋ ለመከራከር ይመቻል፤ ሳልከራከር መግዛት መቼም አይሆንልኝም።

እናቴ በቪዲዮ ስታየው «የማን እንደነበረ የማታውቀውን መላጫ?» ብላ ጮኸችብኝ። አልፈርድባትም፤ «ስለት በጋራ አትጠቀሙ» የሚለውን ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። «ምላጩ አዲስ ነው እማዬ» አልኳት። የቀረውንም በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ ነው የምጠቀመው። ኮምጣጤ ግን ቅቡን ስለሚበላ አላስጠጋውም። አልተዋጠላትም።

አሁን የምፈልገው ለታናሽ ወንድሜ ነው። ጺሙ ገና ስስ ነው፤ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእንዲህ ዓይነት ጺም እጀታው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለበት፣ ሱፐር ስፒድ የተባለ መላጫ ሠርቶ ነበር። እሁድ እሁድ ጆርጅታውን የምትሄዱ፣ ካያችሁት ሳትነግሩኝ እንዳትገዙት።