ቀለማሙን ፌንጣ እንዴት ፎቶ እንዳነሳሁት

ፌንጣ ፎቶ ማንሳት አድካሚ ነው። ጠጋ ስትሉት እመር ብሎ ይጠፋል። ዞኖሴረስ ቫሪየጌተስ የሚባለው ቀለማም ፌንጣ ግን ከዚህ ይለያል። ጥቁር፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ተቀላቅሎበት፣ ቅጠል ላይ ኮራ ብሎ ይቀመጣል። አብዛኞቹ ክንፋቸው አጭር ስለሆነ አይበሩም። ሰውነታቸው ውስጥ መርዝ ያከማቻሉ፤ ቀለሙም ለሚበላቸው ሁሉ «እንዳትነካኝ» ማለት ነው። ስለዚህ መጠጋቱ ቀላል ነው። ፈተናው ጊዜውንና ብርሃኑን ማግኘት ነው።

ያነሳሁት ደቡብ ናይጄሪያ ውስጥ ነው። እዚያ ኩብኩባዎቹ፣ ማለትም ገና ያላደጉት ፌንጣዎች፣ የሚፈለፈሉት ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከጥቅምት ግድም ጀምሮ ነው። ያደጉት የሚታዩት ከየካቲት ወዲህ ነው። ሁለቱንም ስለፈለግኩ በሁለቱም ወቅት ሄድኩ። ኩብኩባዎቹ ጥቁር ናቸው፤ ነጠብጣብ አላቸው፤ አንድ ተክል ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳታሞቃቸው ከደረሳችሁ አይንቀሳቀሱም። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ተክላችሁ ተረጋግታችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ከረፋድ በኋላ ግን ይበታተናሉ።

ያስቸገረኝ ጥቁሩ ቀለም ነው። ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፣ ቢጫው ይነጣል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን፣ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ገላቸውም ያብረቀርቃል፤ ፍላሽ ሲያርፍበት መስታወት ይመስላል። እኔ ፍላሹን ትቼ በስስ ነጭ ጨርቅ ፀሐዩን አለዘብኩት። ውድ ዕቃ አያስፈልግም፣ እመኑኝ።

የት ይገኛል? ገበሬዎቹን ጠይቁ። ካሳቫቸውን ስለሚበላ ከማንም በላይ ያውቁታል። ሌላው ምልክት ክሮሞሌና ኦዶራታ የሚባለው፣ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ አረም ነው። ፌንጣው አበባውን ይወዳል፤ መርዙንም ከዚያ ያገኛል። አረሙ ባበበበት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ማሳ ለማሳ ከመንከራተት እጅግ ይሻላል።

የወደድኩት ፎቶ ግን እንቁላል ሲጥሉ ያነሳሁት ነው። ሴቶቹ ከየአቅጣጫው ጥላ ያለበት አንድ ቦታ ተሰብስበው ሆዳቸውን አፈር ውስጥ ይቀብራሉ። ከላይ ቆማችሁ ካነሳችሁ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ ሌንሱን ከአፈሩ እኩል አድርጌ ነው ያነሳሁት። ልብስ ይቆሽሻል፣ ምን ይደረጋል።

ስጨርስ ቦታውን ለማሳው ባለቤት አሳየሁት። እዚያ ገበሬው እንቁላሉን ቆፍሮ ያወጣና ለፀሐይ ያጋልጠዋል፤ ያኔ ይደርቃል። ለፎቶ አንሺ ትንሽ ያሳዝናል፤ ካሳቫው ግን የሰውየው ነው።