ሞተር የገጠምኩላት ብስክሌቴ፦ ሦስተኛ ወር

ትናንት ማታ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ድረስ አንዴም ሳልወርድ ወጣሁ። ዳገቱን በብስክሌት የሞከረ ሰው ደስታዬ ይገባዋል። ድሮ አሜሪካ ኤምባሲ አካባቢ ስደርስ ወርጄ እገፋ ነበር።

ለአዲሶቹ ባጭሩ ልንገራችሁ። ብስክሌቷ ከመርካቶ የገዛኋት ያገለገለች፣ ባለ 26 ጎማ ናት። ቻሲዋ ብረት ነው። ኪቱን፣ ማለትም ሞተሩንና መግጠሚያ ዕቃዎቹን፣ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ይዞልኝ መጣ። 48 ቮልት፣ 500 ዋት፣ የኋላ ጎማ መሀል ላይ የሚቀመጥ ሞተር ነው። ውስጡ ጥርስ ያለውን መረጥኩ። ጥርስ የሌለው ድምፅ አያሰማም፣ ቶሎም አይበላሽም። ግን ከባድ ነው፤ ቀስ እያለ ዳገት ሲወጣም ይግላል። ለአዲስ አበባ ጥርስ ያለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ባትሪው ግን አብሮ አልመጣም። መንገደኛ ከ160 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው) በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በሻንጣም በእጅም ይዞ አውሮፕላን መሳፈር አይፈቀድለትም። ለብስክሌት የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ 500 ይጠጋል። ስለዚህ እዚሁ አራት የሊድ ባትሪ ገዛሁ። እያንዳንዱ 12 ቮልት፣ 12 አምፒር ሰዓት ነው። በተከታታይ ሳገናኛቸው 48 ቮልት ሆኑ። አንዱ 4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አራቱ ሲደመሩ ትንሽ ልጅ ከኋላ እንደማፈናጠጥ ነው።

መግጠሙ አንድ ቅዳሜ ብቻ ፈጀ። ጎማ መቀየር፣ ኮንትሮለር (ለሞተሩ ኃይል የሚመጥነውን ሳጥን) ማሰር፣ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ማገናኘት፣ በቃ።

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስድስት ኪሎ መብራት ላይ ቆሜ ስነሳ ከኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ ጎማውን መግፋት ትቶ የራሱን ዘንግ አዞረው። ዘንጉ ሲዞር ሽቦዎቹን ጠምዝዞ በጠሳቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የተራ ብስክሌት ዘንግ ጎማውን ከመያዝ ሌላ ሥራ የለውም። የሞተር ዘንግ ግን ጎማው ወደፊት በተገፋ ቁጥር እሱ ወደኋላ መዞር ይፈልጋል። የሚያግደው ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ቻሲው ጫፍ ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ መቀመጡ ብቻ ነው። በርካሽ ብስክሌት ላይ ያ ስንጥቅ ያለበት ብረት ስስ ነው። ዳዶው ትንሽ ሲላላ ስንጥቁ ይከፈታል። ከኪቱ ጋር የመጣችው ባለ ጥርስ ሮንዴላ የምትበቃ መስሎኝ ነበር። አትበቃም።

ሰፈራችን ወዳሉ በያጅ ወሰድኳት። "ልጄ፣ ሞተሩ ምንም አላጠፋም፤ ይሄ እኮ ቆርቆሮ ነው" አሉኝ። ከ6 ሚሊ ሜትር ብረት ዘንጉን እንዳይዞር ከቻሲው ጋር የሚያስሩ ሁለት ክንድ ቆረጡ። ዘንጉ የሚገባበትን 10 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ በሞረድ ቀስ እያሉ አወጡት። "ጋሼ፣ ትንሽ አይሰፋም?" ብላቸው እምቢ አሉ። ልክ ነበሩ። በመዶሻ ነካ ነካ ተደርጎ ነው መግባት ያለበት። ሌላኛው ጫፍ ከቻሲው ጋር በብሎን ታሰረ፤ ጎማ ሲፈነዳ መፈታት ስላለበት አልተበየደም። ዘንጉና ክንዱ ላይ አንድ ነጭ መስመር በቀለም አሰመርኩ። ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። እስካሁን መስመሩ አልተዛነፈም።

ሽቦዎቹን ራሴ በየድኩ። ሦስቱ ወፍራም፣ አምስቱ ቀጭን ናቸው። ቀጭኖቹ ሞተሩ ሲዞር የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ ይነግሩታል። ደህና መሆናቸውን ለማወቅ ጎማውን በእጅ ቀስ እያላችሁ ወደኋላ አዙሩና በቴስተር ለኩ። ሦስቱ የምልክት ሽቦዎች 0 እና 5 ቮልት አካባቢ እየተፈራረቁ ካሳዩ ሰላም ነው።

ብዙ ሰው "ቁልቁለት ላይ ቻርጅ ያደርጋል ወይ?" ይለኛል። የእኔው አያደርግም፤ ወደታች ሲሄድ ጥርሱ ራሱን ይለቃል። ስለዚህ ጠዋት ወደ ስታዲየም ስወርድ ያለኝ ፍሬን ብቻ ነው። እኔና ብስክሌቷ አንድ ላይ 100 ኪሎ እንሆናለን። የፍሬን ጎማዎቹንና ገመዶቹን በሙሉ ቀየርኩ። ገንዘብ ካጠራችሁ ከሞተሩ ዋት ቀንሱና ፍሬን ላይ ጨምሩ።

ባትሪው በወረቀት 576 ዋት ሰዓት ነው። የሊድ ባትሪ አሟጠው ከተጠቀሙበት ዕድሜው ስለሚያጥር ከግማሽ በታች አላወርደውም። 100 ኪሎ ይዞ 100 ሜትር ከፍታ መውጣት ብቻ 27 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ወደ 40 ይጠጋል። ለዚህ ነው ዳገት ላይ ሁሌም ፔዳል የምመታው።

አሁን ክረምት ሳይገባ ኮንትሮለሩን ወደ መቀመጫው ሥር እያዛወርኩ ነው። ሽቦዎቹ ከመግባታቸው በፊት ወደታች ጎንበስ እንዲሉ አድርጌያለሁ፤ ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። ቀጥሎ 13 ሴል (ትንንሽ ባትሪ) በተከታታይ ወዳለው የሊቲየም ባትሪ ልሻገር ነው። አስተማማኝ ሴልና ሴሎቹን የሚጠብቀውን መቆጣጠሪያ ካርድ አዲስ አበባ ውስጥ ገዝቶ የሞከረ ካለ፣ ሳልገዛ በፊት ልምዱን ያካፍለኝ።