ያልተሰበረው ቡሎን

በረዶ ጠረጋ ከመጀመሬ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ ሳይሆን ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ማሽኑን አቁሞ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ቡሎንና ዳዶ ሳገላብጥ የኖርኩ፣ የተሰበረ ነገር ሳይ እጄን የሚበላኝ ሰው ነኝ።

ሥራው ለሚሰማው ቀላል ነው። ብርዱ ሳይገባ ባለቤቶቹ ይዋዋላሉ። በረዶ በጣለ ሌሊት እኛ 8 ሰዓት ላይ ተነስተን፣ ከጋራዥ በራቸው እስከ አስፋልቱ ያለውን የመኪና መግቢያ፣ ሁላችንም ድራይቭዌይ የምንለውን፣ ሰዎቹ ለሥራ ሳይወጡ እንጠርጋለን። ሁለት ሰው፣ አንድ ፒክአፕ፣ አንድ ማሽን፣ ሦስት አካፋ። መስመራችን 11 ቤት ነበረው። አለቃዬ ስልሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ደስ ሲላቸው «ወንድሜ»፣ ሲቆጡ «አንተ ልጅ» ይሉኛል። አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር።

አማርኛችን ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠርም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ይህንንም በረዶ ብሎ ይገላገላል። አመዳይ የሚል ቃል አለን፣ ግን ማን አስታውሶት። ጋሼ ለሥራቸው የሚሆን ሁለት ስም አውጥተውለት ነበር፤ «ባዘቶ» እና «ጭቃ»። ጠዋት ስንገናኝ ከሰላምታ በፊት የምጠይቃቸው እሱን ነው። ብርዱ ጠንክሮ የወረደ ከሆነ ባዘቶ ነው፤ ሜትር ኩቡ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ቢመዝን ነው፣ በአካፋ ሲነኩት ይበናል። አየሩ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እያለ የወረደ ከሆነ ግን ጭቃ ነው፤ ውሃ አዝሎ በሜትር ኩብ 300 ኪሎ ይደርሳል፣ ሊያልፍም ይችላል። 6 ሜትር ስፋት፣ 15 ሜትር ርዝመት ያለው መግቢያ ላይ 20 ሳንቲም በረዶ ሲተኛ 18 ሜትር ኩብ ነው። ባዘቶ ከሆነ 2 ቶን አይሞላም። ጭቃ ከሆነ 5 ቶን ያልፋል። መስኮት ላይ ቆሞ ለሚያየው ሁለቱም ያው ነጭ ነው።

ማሽኑን ልግለጸው፣ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ። ፊቱ ላይ ሰፊ አፍ አለው፤ አፉ ውስጥ ከግራና ከቀኝ የሚጠመዘዝ ብረት አለ። ብረቱ በረዶውን እየቆረጠ ወደ መሐል ይሰበስባል፣ ከኋላው ያለው ፋን ደግሞ ተቀብሎ በአንገቱ በኩል ሜትሮች ያህል ይተፋዋል። መሐል ላይ ትንሽ ጊርቦክስ አለ፤ ውስጡ ትል የመሰለ ማርሽ የነሐስ ጥርስ እያሽከረከረ ኃይሉን ወደ ግራና ቀኝ ያካፍላል። ጠምዛዛው ብረት ከአክሱ ጋር የተያያዘው በየጎኑ አንዳንድ ቀጭን ፒን ብቻ ነው። ሺር ፒን ይባላል። የጣት ያህል እንኳ አይሆንም፤ ለስላሳ ብረት ነው፣ አንዳንዱማ መሐሉ ላይ ቶሎ እንዲበጠስ ተብሎ የተሰረሰረ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳየው፣ ይሄን ያህል ሞተር በዚህች ያያዘው መሐንዲስ ምን ነክቶት ነው ብዬ ነበር። ጮክ ብዬም ተናግሬዋለሁ። ጋሼ ዝም አሉ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር አሳይተውኝ ነበር። ጭቃ የሆነ ቀን ነው፤ የማሽኑ አንገት ተደፈነ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ጓንቴን አጥብቄ እጄን ወደ ውስጥ ልሰድ ስል እጅጌዬን ያዙኝ። ምንም ሳይሉ የተሰበረ የአካፋ እጀታ አንስተው በአንገቱ ሰደዱና የተጋገረውን በረዶ ገፋ አደረጉት። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ፋኑ ግው ብሎ ሩብ ዙር ያህል ዞረና እንጨቱን ነከሰው። ሲደፈን የቺንጋው ውጥረት እዚያው ታፍኖ ይቀር ኖሯል። እንጨቱ ላይ የቀረው ጉድጓድ ጣቴን በደንብ ያስገባል፤ ለክቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዱላ ከማሽኑ እጀታ ላይ አስሬ ነው የምንቀሳቀሰው።

እንግዲህ ሌሊቷ ጭቃ የወረደባት ነበረች። ሦስተኛው ቤት ላይ መሐሉን ጨርሼ ወደ አፉ ወረድኩ። የመኪና መግቢያ አፍ የሚባለው ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ የመንገድ ጠራጊው ትልቅ መኪና ሲያልፍ ከአስፋልቱ የገፋውን ሁሉ እዚያ ይቆልለዋል። ጋሼ «ግድቡ» ይሉታል። በረዶ ይባል እንጂ በረዶ አይደለም፤ የተረገጠ፣ የተፈጨ፣ በጨው ቀልጦ መልሶ የረጋ፣ ድንጋይ የተሞላ ነገር ነው። ከማሽኑ ጋር ግድቡ ውስጥ ገባሁ፣ «ጠቅ» የምትል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ ይሠራል፣ የቀኙ ብረት ይዞራል፣ የግራው ቆሟል፤ በረዶው በግራ በኩል ይከመራል። ፒኗ ተበጥሳለች። ሥራዋ ነው።

መለዋወጫ ፒኖቹ እጀታው ሥር በላስቲክ ተይዘው ይቀመጣሉ። ባዶ ነበር። የመጨረሻዋን ባለፈው ሳምንት ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እነግራቸዋለሁ ብዬ ረስቼ። ጋሼ ከወዲያ ቤት ደረጃ እየጠረጉ ነበር፤ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። ሄጄ «ጋሼ፣ ፒን አልቋል፣ ሳልነግርዎት» ማለት ነበር ያለብኝ። አላልኩም። ከዕቃ ሳጥኔ 6 ሚሊ ቡሎን አወጣሁ፤ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር አለበት። ጋራዥ የሠራ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው 8 በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ይችላል ማለት ነው። ጠንካራ ነው። ከቀዳዳው ጋር ልክክ አለ። ዳዶውን በ10 ቁልፍ ሳጠብቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። «ይሄ ደግሞ አይበጠስም» ብያለሁ ለራሴ።

እውነትም አልተበጠሰ። እስከ ስምንተኛው ቤት ድረስ ግድቡን ሁሉ ሰባብሬ ገባሁ፤ ሌላ ቀን ሁለት ሦስቴ የምቆምበትን ሳልቆም። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው «ዛሬ ፈጠንክ፣ ወንድሜ» አሉኝ። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ።

ዘጠነኛው ቤት ላይ ከበረዶው ሥር ጋዜጣ ነበር። ተጠቅልሎ በላስቲክ የሚወረወረው ዓይነት። ከቀናት በፊት ወድቆ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ረግቶ ግንድ ሆኗል። አላየሁትም። ማሽኑ ጎረሰው። በዚህ ጊዜ ድምፁ «ጠቅ» አልነበረም። ብረት ሲሰነጠቅ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው። ማሽኑ አንዴ ወደ ፊት ዘለለና ሞተሩ ሞተ። ባትሪዬን አብርቼ አጎነበስኩ። ከመሐል፣ ከጊርቦክሱ ሥር፣ ወፍራም ዘይት በነጩ በረዶ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ የወደቀበትን እያቀለጠ ቢጫ ቀዳዳ ይሠራል። እስከ ዛሬ ከዚያች ሌሊት መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ ቀዳዳ ነው።

ጋሼ መጡ። ጊርቦክሱን በጓንታቸው ዳሰሱት፤ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ጠምዛዛውን በዱላው ገፋ ሲያደርጉት ውስጡ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ተንኮሻኮሸ፤ የነሐሱ ጥርስ ተላጭቷል። ከዚያ ባትሪውን ወደ ግራው ፒን አዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩት። «ቁልፍ አምጣ» አሉኝ። ዳዶውን ራሳቸው ፈቱት፣ ቡሎኑን አወጡት፣ በበረዶ ጠረጉት፣ ብርሃን ላይ አገላበጡት። ጭረት እንኳ የለበትም። መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይሄ ደህና ነው» አሉ። «መልሰህ ትጠቀምበታለህ።»

የምመልሰው አጣሁ። «ጋሼ፣ ፒን አልቆ ነበር...» ማለት ጀመርኩ።

«መቼ ነው ያለቀው?»

«ያለፈው ሳምንት።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ «አንተ ልጅ» እንኳ አላሉኝም። ማሽኑን ፒክአፑ ላይ በጣውላ ጎትተን ጫንንና አካፋ አነሳን። ሁለት ቤት ከግማሽ ቀርቶናል፣ ጭቃ ነው፣ ሊነጋ ነው።

በዚያው መሐል የዘጠነኛው ቤት ሴትዮ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ነርስ ናት፣ 12 ሰዓት ላይ ሥራ መግባት አለባት። መኪናዋ ደጅ ነው ያደረው። እኛ ከፊት እየጠረግን እሷ ሞቅ እንዲልላት ገብታ ሞተር አስነሳች። ጋሼ አካፋቸውን ጥለው ሮጡ። እኔ የሆነ ነገር የነካቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። ከመኪናው ኋላ ተንበርክከው ጭስ ማውጫውን የደፈነውን በረዶ በእጃቸው ሲቆፍሩ አየሁ። ሲጨርሱ መስኮቷን አንኳኩተው፣ ጭስ ማውጫው ተደፍኖ ሞተር ከተነሳ ጭሱ ወደ ውስጥ እንደሚመለስ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ሽታ ስለሌለው እንደማይታወቅ በትሕትና ነገሯት። ከዚያ ተመልሰው አካፋቸውን አነሱ። 25 ደቂቃ አርፍዳ ነው የሄደችው። ይቅርታ የጠየቋት እሳቸው ናቸው፤ ማሽናችን ስለተሰበረ ነው አሏት። ማን እንደሰበረው አልተናገሩም።

አካፋ እንደ ማሽን አይደለም። የጭቃ በረዶ አንድ አካፋ ሙሉ ሰባት ስምንት ኪሎ ይሆናል፣ በደቂቃ አሥሩን ካነሳህ ቁጥሩን አንተ አስላው። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን የራሴ ወገብ አይደለም። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በክንድ የሚሠራ ከባድ ሥራ ልብን ከሩጫ ባልተናነሰ ያስጨንቃል፤ ሰው ደግሞ ከባድ ሲያነሳ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። በየዓመቱ በረዶ ሲጠርጉ ልባቸው የሚቆም ሰዎች አሉ፤ ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ለዚህ ነበር ማሽን የገዙት። አሁን በእኔ ቡሎን ምክንያት ስልሳ አምስት ዓመታቸው ላይ ጭቃ ሊያነሱ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ መኪና ውስጥ ይቀመጡ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኳቸው።

«ዝም ብለህ ግፋ» አሉኝ። አጠራረጋቸውን ያየሁት ያኔ ነው። አያነሱም። አካፋውን መሬት ላይ አስተኝተው በእግራቸው ኃይል ወደ ዳር ይገፋሉ። ማንሳት ግድ ሲሆን ግማሽ አካፋ ብቻ፣ ከጉልበታቸው ሸብረክ ብለው፣ ወገባቸውን ሳያጣምሙ መላ ሰውነታቸውን አዙረው። አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነዋል። በየሩብ ሰዓቱ ይቆማሉ፤ ማንም ቢቸኩል ይቆማሉ። እኔ ጥፋቴን ላካክስ እንደ እብድ እየወረወርኩ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አካፋዬን ተደግፌ አለከልክ ጀመር።

አሥረኛው ቤት ላይ አፉ ዘንድ ስንደርስ ግድቡን ብናጸዳም በዚያ አላበቃንም። «ከዚህ በኩል ደግሞ ክፈት» አሉኝ፣ ከመግቢያው ውጭ፣ ጠራጊው መኪና ከሚመጣበት አቅጣጫ ያለውን የመንገድ ዳር እያሳዩ። ሁለት እርምጃ ስፋት፣ አራት እርምጃ ርዝመት። የማንም መኪና የማያልፍበት ባዶ ዳርቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኛ ሥራ አይደለም» አልኩ። ጉልበቴ አልቆ ነበር።

«ክፈት።»

ከፈትኩት። እያጉረመረምኩ ነው የከፈትኩት፣ አልዋሽም። የመጨረሻዋን አካፋ ከዚያ ጉድጓድ ሳወጣ መንገዱ መጨረሻ ላይ ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ጠራጊው መኪና ነው፣ ለሁለተኛ ዙር ተመልሶ። ሁለታችንም ወደ ዳር ሸሸን። ሰፊ ምላጩ ሙሉ ግድብ እየገፋ መጣ፣ የከፈትኩት ባዶ ቦታ ላይ ሲደርስ የተሸከመው ሁሉ ተንዶ እዚያ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ቀለል ብሎት በመግቢያው ፊት አለፈ። አፉ ላይ የቀረው ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ቀጭን መስመር ነበር። ጋሼ በአንድ ግፊያ አነሱት።

ጉድጓዱን አየሁት፤ እስከ አፉ ሞልቷል። እጄ ኪሴ ውስጥ ገብታ ኖሮ ቡሎኑን ጨብጣለች።

«አንድ ቤት ቀረን» አሉ ጋሼ፣ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ እያደረጉ። «ሱቅ ሲከፈት ፒን እንገዛለን። ሃያ።»